ወደ ሲንጋፖር የሄዱት ካፖርቶች

ጋሼ ዘርኣማርያም የእህቴ ባል ነው። ስለ እሱ ጻፍ ያሉኝ ሰዎች የተሻለ ጸሐፊ አጥተው ይመስለኛል። ግን ሲንጋፖር አብሬው የሄድኩት እኔ ስለሆንኩ ከኔ ሌላ ሊጽፈው የሚችል የለም። እህቴ ጽገወይኒ ትችል ነበር፤ እሷ ግን ነገሩ ሲነሳ እስከ ዛሬ ትቆጣለች።

ፍራንክፈርት ውስጥ ዞሰንሃይም ሰፈር ከሚኖር አበሻ ጋሼን የማያውቅ የለም። የማያውቀው ቢኖር ገና ቤት ያልተሰጠው ነው። ሰው ከስደተኛ መጠለያ፣ ከሃይም፣ ወጥቶ ቤት ካገኘ፣ ቁልፉን በተቀበለ ማግስት ጋሼ በሩን ያንኳኳል። ጀርመኖች ያረጀባቸውን ዕቃ ለማዘጋጃ ቤት መኪና ብለው መንገድ ዳር ያወጡታል፣ ሽፐርሙል የምንለው፣ ጋሼ ደግሞ መኪናው ሳይደርስ ይደርሳል። ሶፋ ይሆናል፣ አልጋ ይሆናል፣ አንዳንዴ በሩ የማይዘጋ ቁም ሳጥን ይሆናል። አልፈልግም ማለት አይቻልም። እኔ ራሴ ሁለት የምግብ ጠረጴዛ አለኝ፣ ሁለቱም ከሱ ናቸው። ወንበር ግን የለኝም።

መቀበል ላይ ሌላ ሰው ነው። ስጦታ ብትሰጠው ያመሰግንሃል፣ በሳምንቱ ያ ዕቃህ ሌላ ሰው ቤት ተቀምጦ ታየዋለህ። ይሄ ጠባይ ከየት እንደመጣ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ጋሼ የምጽዋ ልጅ ነው። አባቱ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከሙ ነበር። እሱ ገና ጢም ሳያወጣ መርከብ ላይ ገባ፤ መጀመሪያ ድንች መላጥ፣ በኋላ ሞተር ክፍል ዘይት መቀባት። በሰባ ሦስት በፈረንጅ፣ የሚሠራባት መርከብ ባለቤት ከሠረና መርከቧ ሲንጋፖር ላይ ታሰረች። መርከብ እንደሚታሰር እኔ አላውቅም ነበር፣ ይታሰራል አሉ። ሌሎቹን መርከበኞች አገራቸው አንድ በአንድ ወሰዳቸው። አዲስ አበባ ግን በዚያ ወቅት የራሷ ጣጣ ነበረባትና ዘርኣማርያም የሚባል ዘይት ቀቢ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ የለም።

ያኔ ነው ሴንግ ያገኘው። ሴንግ ቻይና ነው፣ እዚያው የተወለደ። በእንጨት ጀልባ ከትልልቅ መርከቦች ላይ ሩዝና ጎማ እየጫነ፣ ወንዙን ይዞ ወደ መጋዘኖቹ ያደርስ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ጣራ ነው፣ ወንዙ ዳር። ጋሼን ጀልባው ላይ አስተኛው፣ ከቤቱ ሩዝና ዓሣ አበላው፣ ጋሼም አብሮት ጆንያ ተሸከመ። ወደ ሃምቡርግ የሚሄድ መርከብ እስኪቀጥረው ድረስ ብዙ ወራት እንዲህ ኖረ። ሲሄድም የለበሰው ሸሚዝ የሴንግ ነበር።

«አንድ ቀን እንኳ መቼ ነው የምትሄደው አላለኝም» ይላል ጋሼ። «ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።»

እኔ እንደገባኝ ጋሼን የበላው ይሄ ነው። ፍራንክፈርት መጥቶ ኦስትሃፈን ወደቡ ላይ መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘ፣ ጽገወይኒን አገባ፣ የጀርመን ፓስፖርት አወጣ። ለአበሻው ሁሉ ሶፋ አደለ። «የዚያን ሰው እጅ አንድ ቀን ሞልቼ ካልሰጠሁ ምኑን ሰው ሆንኩ» ይል ነበር።

ከሴንግ ጋር የሚያገናኘው አንድ ካርድ ነው። ሴንግ አይጽፍም፣ ልጁ ሊን ግን ተምራለችና በየዓመቱ ለአዲስ ዓመታቸው ቀይ ካርድ ትልካለች። «ደህና ነን፣ አባባ ሰላም ይልሃል» ነው፣ ሌላ የለውም። አንድ ዓመት ላይ አድራሻው ተቀይሮ መጣ። ብሎክ ይላል፣ ቁጥር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቁጥር፣ ከዚያ ሰረዝና ሌላ ቁጥር።

«ብሎክ?» አለች ጽገወይኒ። «አሳየኝ እስቲ። ዋይ! ካምፕ ነዋ! ከቤታቸው አባረዋቸዋል ማለት ነው።»

እህቴ ሱዳን ካምፕ ኖራለች። ብሎክ ሲባል ድንኳን ነው የሚታያት። እኔም ሃይም ውስጥ ስቆይ አድራሻዬ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነበርና አመንኳት። እኛ ቤት ቁጥር የበዛበት አድራሻ ደህና ነገር ሆኖ አያውቅም።

የጋሼ ፊት ጠቆረ። ቀኑ ደርሷል ማለት ነው። በዘጠና ስድስት፣ በፈረንጆቹ በጋ፣ የዓመት ፈቃዱን፣ ኡርላውቡን፣ አጠራቅሞ ትኬት ቆረጠ። ጽገወይኒ እግሯን ኦፐራሲዮን ሆና ስለነበር እኔ እንድሄድ ተፈረደብኝ።

«ኪዳነ፣ ስኳሩን ጠዋትና ማታ ለካልኝ» አለችኝ፤ ጋሼ የስኳር በሽታ አለበት። «ከዚያ ውጪ እንደ ልማድህ ዝም በል።»

መቼም ታውቃላችሁ፣ አበሻ ሰው ሊሄድ ነው ከተባለ ዕቃ ይልካል። ሲንጋፖር ዘመድ ያለው አንድ ሰው አልነበረም፣ ግን ጋሼ ሶፋ ያልሰጠው ሰውም አልነበረም፣ ስለዚህ ሁሉም ተሸክሞ መጣ። ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ የልጆች ጫማ፣ ክዳን ያለው ድስት። ዚንድሊንገን የምትኖረው መነን ጎረቤቷ የነበሩ አሮጊት ጀርመናዊት ሞተው፣ ልጆቻቸው ውሰጂ ያሏትን ካፖርት በሙሉ ታቅፋ መጣች። ወፍራም፣ የበግ ጠጉር ገበር ያላቸው።

«እዚያ ይበርዳል እንዴ?» አልኩ እኔ።

«ካምፕ የትም ይበርዳል» አለች ጽገወይኒ፣ ኮፈር በምንለው ሻንጣ ላይ ተቀምጣ ዚፑን እየጎተተች።

አየር ማረፊያ ሲመዘን ከብዶ ተገኘ። ጋሼ ዕቃ ከመተው ብሎ ሁለት ካፖርት ደራርቦ ለበሰ። ለኔም አንድ ሰጠኝ፣ የሴት ነው፣ ቁልፉ በግራ። በሐምሌ ወር ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ውስጥ እንደዚያ ሆነን ስንሄድ ሰው መንገድ ይለቅልን ነበር።

ሲንጋፖር ስንደርስ ጋሼ ታክሲ ውስጥ ሾፌሩን መንገድ ሊመራው ጀመረ። ጣቱን እየቀሰረ «እዚህ ጋ ዓሣ ይሸጣል፣ ከዚህ ወዲያ ረግረግ ነው፣ ቀስ በል» ይላል በወደብ እንግሊዝኛው። እኔ የማየው መስታወት ነው፤ መስታወት፣ አበባ፣ ባንክ፣ እንደገና አበባ። ፍራንክፈርትን ባንክ የበዛባት ከተማ እላት ነበር። ሾፌሩ በትህትና «እሺ አንክል» እያለ፣ እዚያ ትልቅ ሰውን አንክል ነው የሚሉት፣ የራሱን መንገድ ሄደ። ጋሼ ቀስ በቀስ ጣቱን አጠፈ።

ብሎኩ ድንኳን አልነበረም። እኛ የምንኖርበትን ፎቅ ይመስላል፣ ልዩነቱ ሊፍቱ ይሠራል። አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ተከፈተና ነጭ ካናቴራ የለበሰ ቀጭን ሽማግሌ ቆሞ አገኘነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ብዙ ቆዩ። እኔ ወደ ጎን ዞርኩ።

«ዘራ» አለ ሴንግ በመጨረሻ። «ወፈርክ። በልተሃል?»

እነሱ ዘንድ ሰላምታ ነው አሉ። ግን በእርግጥም ያበሉሃል። ጫማችንን ከማውለቃችን በፊት ጠረጴዛው ሞልቶ ነበር። ወለሉ እብነ በረድ ነው፣ ቴሌቪዥኑ የኛን ሦስቱን ያክላል። ቤቱ በማቀዝቀዣ ከመቀዝቀዙ የተነሳ የሴትዮዋን ካፖርት ሳላወልቅ በላሁ። ያ ካፖርት ብቻ ነው ያን ቀን ክብሩን የጠበቀ።

ችግር የመጣው ኮፈሮቹ ሲከፈቱ ነው። ሊን መኝታ ክፍል ልታሳየን ገብታ ሳለ ጋሼ አንዱን ኮፈር ከፍቶ ነበር። ብርድ ልብሱ፣ ሳሙናው፣ ኪኒኑ፣ የልጅ ጫማው፣ ድስቱ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ጋሼ ዕቃውን አየ፣ ቤቱን አየ፣ ከዚያ ለናንተ ነው ለማለት አፉ አልከፈት አለው። መልሶ ይጠቀጥቅ ጀመር። ሊን ግን አይታለች። ባንክ ነው የምትሠራው፣ ዓይኗ ፈጣን ነው። ማታ ከአባቷ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ቋንቋው ባይገባኝም የሚታዘንለት ሰው ሲወራ ድምፁ የትም አገር አንድ ነው።

ጠዋት ሴንግ ጋሼን አጠገቡ አስቀመጠውና ጉልበቱን ያዘው።

«ዘራ፣ አትፈር። ጀርመን አባረረችህ?»

«እኔን? ኧረ ማን አባሮኝ!»

«ድስት ይዘህ ነው የመጣኸው። ብርድ ልብስ ይዘሃል። ያኔም መርከብህ ታስራ ነው፣ ያንተ ጥፋት አልነበረም። የልጅ ልጄን ክፍል አስለቅቄልሃለሁ፣ እስክትቋቋም ተቀመጥ።»

ጋሼ ወደኔ ዞሮ በአማርኛ «ምን ልበለው?» አለኝ።

«እውነቱን ንገረው» አልኩ።

«እውነቱን? ድሃ መስለኸኝ ነው ልበለው? አንተስ ሰው ነህ?»

ዝም አለ። ዝምታው እንደ አዎ ተቆጠረለት። ከዚያ በኋላ ያለውን ባልጽፈው ይሻል ነበር። ሊን የባሏን ሸሚዞች ተኩሳ አልጋው ላይ ደረደረችለት። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ከየት እንደሰማች እንጃ፣ ለኔ ጫማ ይዛ መጣች፣ በልኬ። ጋሼ ሻይ ልክፈል ሲል ሊን ከፍላለች፣ ሙዝ ልግዛ ሲል ሴንግ ገዝቷል። ስኳሩን ስለካው ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ፣ አንዱን እምቢ ሲል ሌላው ያጎርሰዋል።

አንድ ከሰዓት ወንዙ ጋ ወሰዱን። ጋሼ ሲያልመው የነበረ ቦታ ነው። መጋዘኖቹ አሉ፣ ግን ሮዝና ሰማያዊ ተቀብተው ምግብ ቤት ሆነዋል። ሩዝ ያወረዱበት ደረጃ ላይ ጃንጥላ ተተክሎ ቱሪስት ቢራ ይጠጣል። ጀልባ የተባለው መብራት የተደረደረበት ነው፣ ሰው ጭኖ ይዞራል።

«ጀልባዎቹን መንግሥት አስወጣቸው» አለ ሴንግ። «ውሃውም ተጠረገ። ጥሩ ነው። ምንም አይሸትም።» ይሄን ሲል ለወንዙ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የተቀመጠው።

ሒሳብ ሲመጣ ጋሼ አስተናጋጁን ክንዱን ያዘው። «ማርያምን! ማርያምን ከሷ እንዳትቀበል!» አለው በአማርኛ። ልጁ ደነገጠና ለመገላገል ብሎ የሊንን ካርድ ተቀበለ። ሊን እጇን ጋሼ ትከሻ ላይ አድርጋ በጣም በቀስታ፣

«አንክል፣ ባለቤቴ የሚያውቀው ሰው አለ» አለች። «ቀላል ሥራ ነው፣ የሕንጻ ጥበቃ። ልጠይቅልህ?»

እዚህ ላይ ጋሼ ፈነዳ።

«ሥራ አለኝ! ሥራ አለኝ እኮ ነው የምልሽ! ወደብ ላይ ነው የምሠራው! ክሬን አለ፣ ጀልባ አለ፣ ብረት አለ፣ እህል አለ፣ አሸዋ አለ! ቤት አለኝ፣ ሚስት አለችኝ! ይሄንንም ሰውዬ የምመግበው እኔ ነኝ!» ብሎ ወደኔ ጠቆመ።

እኔ እዚያው ወደብ ደሞዝ የምበላ ሰው ነኝ። ግን እህቴ ዝም በል ብላኛለች፣ ዝም አልኩ።

ሊን «እሺ አንክል» አለች፣ እንደ ታክሲው ሾፌር። እንዳላመነች ያስታውቃል። ሴንግ ግን ማንኪያውን አስቀምጦ ቀና አለ።

«ጀልባ አለ?»

«አለ።»

«የሚሠራ? ጭነት የሚጭን?»

«በየቀኑ። ከሆላንድ ድረስ ይመጣል።»

ሴንግ ወደ ወንዙ ዞረ። መብራት የተደረደረባት ጀልባ እስክታልፍ አያት፣ ከዚያ «እመጣለሁ» አለ።

ፍራንክፈርት የገባነው ስንሄድ ከነበረው ኪሎ በልጠን ነው። ካፖርቶቹ፣ ጋሼ ሊንን ወደ እንግሊዝ አገር ለሚሄዱ ተማሪዎች ስጪያቸው ብሏት እዚያው ቀሩ። በነሱ ፋንታ ሸሚዝ፣ ደረቅ ዓሣ፣ የሩዝ ከረጢት፣ ለጽገወይኒ የሐር ቀሚስ። እህቴ በክራንቿ ተደግፋ ኮፈሮቹን አንድ በአንድ አየች።

«እርዳታ ወስደህ እርዳታ ተቀብለህ መጣህ?»

«ካምፕ ነው ያልሽ አንቺ ነሽ!»

«እኔ ካምፕ አልኩ እንጂ ተቀብለህ ና አልኩ?»

ለሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም።

ሴንግ በዓመቱ በግንቦት መጣ። ጋሼ ሦስት ሳምንት ኡርላውብ ጠይቆ ተዘጋጅቶ ነበር። ቤቱን ቀባ፣ አዲስ ፍራሽ ገዛ፣ አዲስ ስል ከሱቅ ማለቴ ነው፣ ተአምር ነው። ጽገወይኒ ፍሪጁን ሞላችው። ሰውዬው ግን ኮፈሩን ሲከፍት የሩዝ ማብሰያ አወጣ። ከዚያ ሩዝ አወጣ። ከዚያ የደረቀ ኑድል፣ የሻይ ቅጠል፣ የራሱን ሳህን፣ ፎጣ። ሊን እንግዳ ሆነህ ሄደህ እንዳታስቸግራቸው ብላው ነው። ጠዋት ጠዋት እነ ጋሼ ሳይነሱ ተነስቶ የራሱን ሩዝ አብስሎ፣ በልቶ፣ ሳህኑን አጥቦ ተቀምጦ ያገኙታል። ማታ ጽገወይኒ ስታቀርብ በአክብሮት ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ሆዱን ይደባብሳል።

ጋሼ ከተማ ሊያሳየው አወጣው። ትልቁን የባንክ ሕንጻ አሳየው። ሴንግ አንጋጦ አየና «ጥሩ ነው፣ እኛ ጋ አለ» አለ። የገበያ መንደሩን አሳየው፣ «እኛ ጋ አለ።» ፓልመንጋርተን አስገባው፣ ያ መስታወት ቤት ውስጥ የሞቃት አገር ዛፍ በእንፋሎት የሚያሳድጉበት። ሴንግ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠው። «ይሄ እኛ ጋ በቦይ ውስጥ ይበቅላል፣ ይነቅሉታል» አለ።

ያን ማታ ጋሼን የፎቃችን ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ኪዳነ፣ ምንም የለኝም» አለኝ። «ለዚህ ሰው የምሰጠው ምንም ነገር የለኝም።» አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሴንግ ራሱ ጠየቀ። «ወደቡስ?»

«ኡርላውብ ላይ ነኝ እኮ።»

«እኔ ግን ለሱ ነው የመጣሁት።»

ስለዚህ ሦስታችንም በጠዋቱ አውቶቡስ፣ ከዚያ በትራም ኦስትሃፈን ሄድን። እኔ ወደ ሥራዬ፣ ሁለቱ ግን እንዲያው ለማየት። አንድ ረዥም ጀልባ ጠጠር እያራገፈ ነበር። ክሬኑ ያጉረመርማል፣ አቧራና ናፍታ ይሸታል፣ ጀልባው ላይ የባለቤቱ ሚስት ልብስ ታሰጣለች። ሴንግ ገመድ የሚታሰርበት ብረት ላይ ቁጭ አለ። አፍንጫውን ነፋ አደረገ። «ይሸታል» አለ፣ ደስ ብሎት። ከዚያ አልተነሳም።

የሥራ አለቃችን፣ ማይስተሩ፣ ጋሼን አየውና መጣ።

«አንተ ኡርላውብ ላይ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ኡርላውቤን።»

ማይስተሩ ሴንግን አየ፣ ጋሼን አየ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ግን የሥራ ኮፍያ ይዞላቸው ተመለሰ፣ ሕጉ ስለሆነ።

ረፋዱ ላይ ሌላ ጀልባ ሲጠጋ ልጅ እግሩ ሠራተኛ ገመድ ወረወረና አመለጠው። ሴንግ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ያዘውና እጁ ብቻውን የሚያውቅ ይመስል ብረቱ ላይ ጠመዘዘው። ጀልባ ነጂው ከላይ በሆላንድኛ አንድ ነገር ጮኸ፣ ሴንግም በራሱ ቋንቋ ጮኸ። ሁለቱም ሳቁ። ጋሼ ከጎኑ ቆሞ ወደቡ በሙሉ የአባቱ ርስት የሆነ ያህል ተንጠራርቶ ነበር።

ለምሳ ፓውዘ፣ ለዕረፍት፣ ስወጣ ሁለቱ ውሃው ዳር ተቀምጠዋል። የሩዝ ማብሰያው ቤት ቀርቷል። ጽገወይኒ ለጋሼ በሳህን ሕምባሻና ምስር ቋጥራለት ነበር። ጋሼ ሳህኑን ከፍቶ ጉልበቱ ላይ አደረገና፣ እንግዳው እንደ ሁልጊዜው እምቢ ይለኛል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ዓይኑን ወደ ውሃው አድርጎ፣ እንደ ዋዛ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ።

ሴንግ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቆረሰ። ጎረሰ። እንደገና ቆረሰ፣ ትልቅ። የተሸከመ ሰው እንደሚበላው ነው የበላው፣ ቀና ሳይል፣ ሳያመሰግን። የራሱን ግማሽ ሲጨርስ የጋሼን ግማሽ ጀመረ። ጋሼ አልነካም። ምስሩን በሕምባሻው ጥርግ አድርጎ ሳህኑን ዘቅዝቆ አየና፣

«ሌላ የለም?» አለ ሴንግ።

ጋሼ ወደኔ ዞረ። ምሳ ስላልበላ ስኳሩ ወርዶበታል፣ ፊቱ ግን እኔ በሠርጉ ቀን እንኳ እንዲህ ሲያበራ አላየሁትም።

«ኪዳነ» አለኝ፣ «ያንተን አምጣ።»

ሰጠሁት። ቁጭ ብዬም ሴንግ ሲበላ አየሁ።